ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ኮንሰርት ነው። ቲኬት ፍለጋ ግን አትነሡ፤ ኮንሰርቱ ካለፈ አርባ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1977 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ኢትካ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ባንዱ ግሬትፉል ዴድ ይባላል። የተጫወቱት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን ሆል ውስጥ ነው። አዳራሹ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ወታደራዊ ሰልፍ የሚለመድበት፣ ሩጫና ኳስ የሚካሄድበት ሰፊ የድንጋይ ሕንፃ ነው።

ያን ምሽት የተቀዳው ድምፅ ግን ተራ ካሴት ሆኖ አልቀረም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ የሚመርጣቸው የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ አለው፤ ይህ ኮንሰርት በ2011 ምርጫ እዚያ ገብቷል። በ2017 ደግሞ፣ ልክ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ በአልበም መልክ በይፋ ወጣ።

“ታዲያ እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። ነገሩን ያነሣብኝ በቅርቡ የደረሰብኝ ነው። በአንድ የበዓል ዋዜማ የአራት ሰው መግቢያ ከፍዬ ቤተሰቤን ኮንሰርት ወሰድኩ። የድምጻዊውን ስም ለጊዜው ልተወው። መድረኩ ላይ ጊታር የያዘ አለ፣ ድራም ፊት የተቀመጠ አለ፣ መብራቱ ይብለጨለጫል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምጻዊው “እናንተ ዝፈኑልኝ” ብሎ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ድምፁ ግን ከስፒከሩ መውጣቱን አላቋረጠም! ከጎኔ የነበሩ ጎረምሶች ሣቁ። ባለቤቴ “ይህንንማ ቤታችን ቁጭ ብለን እንሰማው አልነበር?” አለች። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። ከካሴቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኮንሰርት ካሴት ነው፤ ልዩነቱ ቆመን መስማታችንና ለመኪና ማቆሚያ መክፈላችን ብቻ ነው።

ፕሌይባክ እንዲህ እንደ ልማድ በተያዘበት ሰሞን ነው ወደ ኮርኔሉ ቅጂ የተመለስኩት።

ግሬትፉል ዴድ አሜሪካኖች “ጃም ባንድ” ለሚሉት ዓይነት ቡድን እንደ አባት የሚቆጠር ነው። የእኛ ሙዚቀኞችም ጃም የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተሰባስበው ያለ ፕሮግራም የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ግሬትፉል ዴዶች ያንን የጓዳ ጨዋታ ከፋይ ሕዝብ ፊት አወጡት። ዘፈኑ ግጥም አለው፣ ዜማ አለው፣ አንገትና እግሩ ይታወቃል፤ መሐሉ ግን ክፍት ነው። ሦስት ደቂቃ ይሁን አስራ ሦስት፣ ወዴት ይሂድ፣ በምን በር ይውጣ፣ የሚወሰነው እዚያው መድረክ ላይ፣ እየተጫወቱ ነው። ከ1965 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት የሠሩት ይህንኑ ነው።

ያን ምሽት ሰባት ሰዎች ነበሩ። ሊድ ጊታርና ድምፅ ጄሪ ጋርሲያ፤ በልጅነቱ እንጨት ሲፈለጥ የቀኝ እጁን መሐል ጣት አብዛኛውን ክፍል ያጣ ሰው ነው። ሁለተኛው ጊታርና ድምፅ ቦብ ዌር። ቤዝ ጊታር ፊል ሌሽ፤ የተማረው ጥሩምባ ሲሆን ባንዱ ውስጥ እስኪገባ ቤዝ ነክቶ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህም ይመስለኛል ቤዙ እንደ ሌሎች ቤዞች ከሥር ሆኖ ከማገዝ ይልቅ እንደ አንድ ተናጋሪ ወሬው መሐል የሚገባው። ፒያኖ ኪት ጎድሾ፣ ድምፅ ባለቤቱ ዶና ጂን። ድራም ሁለት ሰው፦ ቢል ክሮይትስማንና ሚኪ ሃርት። ሁለት ድራመር በአንድ መድረክ ማለት፣ ካልተደማመጡ፣ ሁለት ሰው አንድ ሙቀጫ ላይ ሲወቅጥ ማለት ነው። ዘነዘናው ተራውን ካልጠበቀ ይጋጫል።

የመጀመሪያው ክፍል አስራ አንድ ዘፈን ገደማ ነው። አብዛኛው አጭርና የተጠቀለለ፣ የካውቦይ ዘፈንም ያለበት ነው። ጥሩ ይጫወታሉ፤ በዚያ ሰሞን አንድ ጥብቅ ፕሮዲዩሰር ስቱዲዮ ውስጥ አስገብቶ ልምምድ ሲያስጨርሳቸው ስለከረመ ጨዋታቸው ሥርዓት ይዟል። ይሁንና ጊዜ የሌለው አንባቢ ይህንን ክፍል ቢዘለው አልቀየመውም። ከማብቂያው ላይ ያለውን “ዳንሲንግ ኢን ዘ ስትሪት” ብቻ አይዝለል። የሌላ ሰው የታወቀ ዘፈን ነው፤ እነሱ ወደ ዲስኮ ምት ወስደው አስራ ስድስት ደቂቃ ያህል ይዘረጉታል። ዘፈኑ አለቀ ሲባል ጊታሩ ሌላ ወሬ ያነሣል፤ ፒያኖው ይመልስለታል፤ ከዚያ ማን እየመራ ማን እየተከተለ እንደሆነ መለየት ያዳግታል።

እዚህ ጋ ነበር ልጄ ክፍሉ ገብታ የጠየቀችኝ። አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ኪቦርድ መማር ከጀመረች ስድስት ወሯ።

“አባዬ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?”

“ከጀመረ አስር ደቂቃ ሆነው።”

“ታዲያ ለምን አይዘፍኑም?”

ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ እኛ ሙዚቃን የምንሰማው በግጥሙ ነውና። ጊታሩ ረዘም ያለ እንደሆነ “ቶሎ ወደ ዘፈኑ ግባ” እንላለን። ይሁንና በቅጽበት መፍጠር ለእኛ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ አልስማማም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ማሲንቆው አንዲቱን ዙር እየደጋገመ ይሄዳል፤ አዝማሪው የበሩን አከፋፈት አይቶ፣ የገባውን እንግዳ ከጫማ እስከ ኮፍያው ለክቶ፣ እዚያው ግጥም ይገጥምለታል። ታዳሚውም “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ያቀብላል። የቅኔ ቤት ተማሪም እንዲሁ ነው፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ቢያመጣ አይቆጠርለትም። በሙዚቃ መሣሪያ በኩል ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና ጌታቸው መኩሪያ አሉ። ሽለላንና ቀረርቶን በሳክስፎን ሲያወርዱት ቃል የሌለው ፉከራ ይሆን ነበር። በስተእርጅናቸው ከኔዘርላንድሱ “ዘ ኤክስ” ባንድ ጋር ተጣምረው አልበም አውጥተዋል፤ የፈረንጅ ወጣቶችም በዚያ ሽለላ ሲዘሉ ታይተዋል። ልዩነቱ የእኛ ፈጠራ በአብዛኛው በቃል፣ የእነሱ በድምፅ መሆኑ ነው። ለልጄም የነገርኳት ይህንኑ ነው፦ “አዝማሪው ግጥም እየፈለገ እንዳለ አድርገሽ ስሚው፤ የሚፈልገው ግን በጣቱ ነው።”

አላመነችኝም፤ ግን ተቀመጠች።

ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው በሙዚቃ አይደለም። ፊት ያሉት ሰዎች ከመድረኩ ጋር እየተጣበቁ ስለተጨናነቁ ዌርና ጓደኞቹ ሕዝቡን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እንደገና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ እንደ ቀልድ ያስተካክሉታል። አልበሙ ላይም አልተቆረጠም። ወላጅ ነኝና ይህን ቦታ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ከሙዚቃው በፊት የሰው ደረት ታሰበ።

ከዚያ “ስካርሌት ቢጎኒያስ” ይነሣል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ሄዶ፣ ሳይቆም፣ “ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን” ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ማያያዝ የጀመሩት ገና ከሁለት ወር በፊት ስለነበር መንገዱ አልተረገጠም። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ በጣቴ ለማሳየት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ነው የማርፈው። ድራሞቹ መጀመሪያ ትንሽ ይለዝባሉ፣ ቤዙ አዲስ ሐረግ ያሸታል፣ ጊታሩ ገና በአሮጌው ቤት ነው፤ ስትነቁ ሁሉም ተሻግረዋል። ሲነጋ ጨለማው የቱ ጋ እንዳበቃ ማን ያውቃል?

“ፋየር” ያለው ሁለት ኮርድ ብቻ ነው። ሁለት! ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፤ አስራ አምስት ደቂቃ። እንደ ማሲንቆዋ ዙር ማለት ነው። ሁለት ኮርድ ላይ አስራ አምስት ደቂቃ መቆም ለሰነፍ ሙዚቀኛ ቅጣት ነው፤ መደበቂያ የለውማ። ጋርሲያ እዚህ ላይ ጊታሩን የሰው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚያስመስል መሣሪያ ውስጥ አሳልፎ ይጫወተዋል። አንዲት ሐረግ ይወረውራል፣ ይጠብቃል። ድራሙ ሲያነሣለት ደግሞ ከፍ ያደርጋታል። የሚጠብቅባቸው ቦታዎች ናቸው የሚገርሙኝ። ከፋይ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ሌላው ምን እንደሚል ለመስማት ዝም ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም።

ልጄ ኪቦርድ ስትለማመድ አንድ ኖታ ከሳተች ታቆምና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በቀን ሃያ ጊዜ የምሰማው የአንድ ዘፈን መግቢያ ነው፤ መጨረሻውን ከሰማሁት ቆየሁ። መምህሯም እንዲያው ናቸው፦ “ልክ እስኪሆን ከላይ ድገሚው።” ፕሌይባኩስ የሚመጣው ከዚሁ ፍርሃት አይደለም? ሕዝብ ፊት መሳሳት እንደ ውርደት ከተቆጠረ፣ የሚያዋጣው የማይሳሳተውን ፋይል መክፈት ነው። ግሬትፉል ዴዶች በብዙ ምሽት የሳቱ፣ ግጥም የረሱ፣ ሃያ ደቂቃ ፈልገው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ወዳጆቻቸውም ይህን አይክዱም። የሚቀጥለው ምሽት ቲኬት ግን ይሸጣል፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ምሽት ሌላ ነው።

ይህ ነገር የገበያ ጉዳይም እንደሆነ የገባኝ የካሴቶቹን ታሪክ ሳውቅ ነው። እኛ አገር ካሴት መቅዳት የአርቲስቱን ጉሮሮ መዝጋት ነበር፤ ስንት ድምጻዊ አልቅሶበታል። እነሱ ግን ታዳሚው ቴፕ ይዞ እንዲገባ ፈቀዱ። በ1984 ጭራሽ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ከለሉላቸው። የአድናቂዎቹ ደንብ አንድ ነበር፦ ተለዋወጥ እንጂ አትሽጥ። ካሴቱ በፖስታ ከከተማ ከተማ ዞረ። ባንዱ አልከሰረም። የዛሬውን ምሽት በካሴት የያዘ ሰው የነገውን አልያዘምና ይመጣል፤ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። የእኛ አዘጋጆች ፕሌይባክ ሲያቀርቡ የሚያፈርሱት ይህንን ነው፤ ፋይሉ ያለው ሰው በዓመቱ ለምን ይመለስ?

የኮርኔሉን ምሽት ከመድረኩ በኩል የቀዳችው ቤቲ ካንተር ጃክሰን የምትባል የድምፅ ባለሙያ ናት። ወንዶች በሞሉበት ሙያ ውስጥ እጇ የተለየ ነበር፤ ሁሉም መሣሪያ በየቦታው፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። በኋላ ግን ካሴቶቿ ያሉበት የዕቃ ማከማቻ ኪራይ ሳይከፈል ቀረና በ1986 ዕቃው በጨረታ ተሸጠ። የገዙት ሰዎች እጅ የገቡት እነዚያ ቴፖች ናቸው ተባዝተው ዓለምን ያዳረሱት። የኮርኔሉ ኮንሰርት “የምንጊዜም ምርጥ” የሚባለውም በከፊል በዚሁ ይመስለኛል። ባንዱ በዚያው ወር ሌሎችም ድንቅ ምሽቶች ነበሩት፤ ይኼኛው ግን ጥርት ብሎ የተቀዳና እያንዳንዱ ሰው እጅ የደረሰ ነው። ዝና እንዲህም ይሠራል።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ለታላላቆቻችን መንገር አያሻም። ቀይ ሽብር ነበር፤ ሰዓት እላፊ ነበር። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊው ከጀመረ በኋላ መውጣት ስለማይቻል ሙዚቀኛውም ታዳሚውም እስኪነጋ አብሮ ይቆያል። አስቡት፦ ለስምንት ሰዓት ሌሊት የሚሆን የተጠና ዘፈን ማን አለው? ሲያልቅ መዘርጋት፣ መፈልሰፍ፣ እርስ በርስ መጠያየቅ ግድ ነው። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ “ቸ በለው” የተሰኘውን፣ በመሣሪያ የተቀናበረ አልበም ያወጡት በዚያው በ1977 ነው። አቶ ኃይሉ በኋላ አሜሪካ ቀርተው ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው እያወጡ ይለማመዱ ነበር። ከ2013 ወዲህ የቆዩ ሥራዎቻቸው እንደገና ሲታተሙ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ባርተን ሆል ውስጥ ያለውን ነፃነትና ሒልተን ውስጥ ያለውን እስር ማወዳደር አልፈልግም፤ አይወዳደርም። ግን እኛም ላይቭ የሚጫወት፣ የሚደማመጥ፣ ሌሊቱን በጣቱ የሚያነጋ ባንድ ነበረን። ተረት አይደለም፤ የተጫወቱትም የሰሙትም በሕይወት አሉ።

ወላጅ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። የግሬትፉል ዴድ ዓለም ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ አልነበረም፤ ከጅምሩም አልነበረም። ጋርሲያ በ1995 በ53 ዓመቱ የሞተው ማገገሚያ ተቋም ውስጥ ሳለ ነው። ሙዚቃው የዕፅ ውጤት ነው የሚሉ አሉ። የሰማሁት ነገር አያሳምነኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የተለማመደ ጣት ነው እንዲህ የሚጫወተው። ልጄንም ስለ ሰውየው ስትጠይቀኝ ሁለቱንም ነግሬአታለሁ።

መስማት ለሚፈልግ ቤተሰብ አንድ ሐሳብ አለኝ። የሁለተኛውን ክፍል የቡና ሰዓት ላይ ክፈቱት፤ ርዝመቱ ከአቦል እስከ በረካ ይበቃል። አንድ ጊዜ ቤዙን ብቻ ተከተሉ፤ ሌላ ቀን ፒያኖውን ብቻ። “ኤስቲሜትድ ፕሮፌት” ሲመጣ ልጆቹ በጭብጨባ ይቁጠሩት፤ ምቱ ሰባት ሰባት ስለሚሄድ በአራት ከቆጠሩ ይወድቃሉ፤ እኛ ቤት ሣቅ በሣቅ ሆነን ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የባንዱን ብዙ ምሽቶች ያለ ክፍያ ማዳመጥ ይቻላል። የዶና ጂን ድምፅ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጮህባችሁ ይሆናል፤ እኔም ላይ ይጮሃል። “ኖት ፌድ አዌይ” የሚለውም ትንሽ ይንዛዛል።

“ሞርኒንግ ዲው” ሲደርስ ግን ጀበናውን አስቀምጡት። ዘፈኑን የደረሰችው ካናዳዊቷ ቦኒ ዶብሰን ናት፤ ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ የቀሩ ሁለት ሰዎች ንግግር ነው። ባንዱ በጣም አዝግሞ ይይዘዋል። ግጥሙ ሲያበቃ ጋርሲያ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሹክሹክታ ይሆናል። አንድ በአንድ፣ እንደ ጠብታ፣ ኖታ ያስቀምጣል። ሌሎቹ አይቸኩሉበትም። ከዚያ ቤዙ ከሥር ይነሣል፣ ሁለቱ ድራሞች ይነሣሉ፣ ፒያኖው ይሞላል፤ ጊታሩ ነጠላ ኖታ መጫወት ትቶ ክሮቹን በሙሉ እጁ መምታት ይጀምራል። ልጄ ስልኳን አስቀመጠች። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም አብረው ይወርዱና አንድ የግጥም መስመር ብቻ ተመልሶ ያበቃል። “ማን ነው አቁሙ ያላቸው?” አለችኝ። ማንም አላላቸውም።

ማሳረጊያው ስለ ቅዳሜ ምሽት የሚያወራ የሮክ ዘፈን ነው። ዕለቱ እሑድ መሆኑን ረስተውት አይመስለኝም። ከዚያ መብራቱ በራና ሕዝቡ በሩን ከፍቶ ወጣ። ውጭ፣ በሜይ ወር፣ በረዶ ጥሎ ነበር።